ገዳዩ ያልታወቀ ደም፤ ከእምባቦ ሜዳ እስከ ራስ ገዝ የጦር መሣሪያ

በጎጃም ደጋ አንድ ሰው በሸንጎ ፊት ለመፎከር ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው ስሙን ነው። የእከሌ ልጅ እከሌ ነኝ ይላል፤ የዋለበትን ሜዳ፣ የያዘውን ጠመንጃ፣ የገጠመውን ባላጋራ እየጠራ ይናገራል። ፉከራን ላይ ላዩን ለሚመለከት ሰው ነገሩ ግዳይ የሚወደስበት ጩኸት ብቻ ይመስለዋል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን በውስጡ የኃላፊነት ቃል አለበት፤ ፎካሪው «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ» ብሎ በሕዝብ ፊት ይቆማልና። በመንደር ጠብ የሰው ሕይወት ሲጠፋም ሥርዓቱ የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። የሟች ወገን ደሙ በማን ላይ እንዳለ ያውቃል፤ ሽማግሌ የሚላከው ከታወቀ ሰው ወደ ታወቀ ሰው ነው፤ የደም ካሣ የሚቆረጠው፣ ዕርቅ የሚወርደው፣ ቂም የሚሻረው ገዳዩ ስላለ ነው። ገዳዩ ካልታወቀ ግን ሽማግሌ የሚቀመጥበት ጥላ፣ ካሣ የሚጠየቅበት ደጅ የለም።

ዛሬ ዓለማችን ስም የሌለውን ገዳይ በመሥራት ላይ ትገኛለች። ይኸውም ዒላማውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ መርጦ፣ ራሱ የሚመታ፣ በመጨረሻይቱ ቅጽበት የሰውን ፈቃድ የማይጠይቅ መሣሪያ ነው። በቋንቋችን ራስ ገዝ የጦር መሣሪያ ልንለው እንችላለን። የዚህ መሣሪያ ሥነ ምግባርና ሕግ በጄኔቫና በኒው ዮርክ አዳራሾች ማከራከር ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገሩ የሩቅ ሀገር ሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የጎጃምን ታሪክ መለስ ብሎ ይመልከት። ገዳይና ተገዳይ እንዴት እየተራራቁ እንደ ሄዱ፣ ሕግም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ እንዴት እንደ ዘገየ ከዚህ ምድር ይበልጥ የሚመሰክር ብዙ ስፍራ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህን ጉዞ ከነምስክሮቹ ለአንባቢ ማቅረብ ነው።

የተማረከው ንጉሥ

ግንቦት 30 ቀን 1874 ዓ.ም. በሆሮ ጉዱሩ ምድር፣ እምባቦ በተባለው ሜዳ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ገጠሙ። የጠቡ ምክንያት ግልጽ ነበር፤ ከአባይ ማዶ ያለውን ለም ሀገርና ወደ ከፋ የሚወስደውን የንግድ መንገድ ማን ይያዝ የሚል ነው። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ቡናውና ዝባዱ በዚያ ያልፍ ነበርና። በራስ ጎበና የሚመራው ፈረሰኛ የጎጃምን ጦር ሰበረው። ደብረ ማርቆስን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

እዚህ ላይ የታሪክ ሚዛን በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ ወደቀ። ድል አድራጊው የቆሰለውን ባላጋራ ማስጨረስ ይችሉ ነበር። ምኒልክ ግን ቁስላቸውን አሳከሙ፤ በክብር ያዟቸው፤ የኋላ ኋላም ንጉሡ ወደ ጎጃም ተመለሱ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ያው የእምባቦ ምርኮኛ የጎጃምን ጦር አሰልፈው ከማራኪያቸው ጎን በዐድዋ ተራሮች ላይ ተገኙ። በእምባቦ ምሕረት ባይኖር ኖሮ በዐድዋ የጎጃም ሰልፍ እንዴት ያለ በሆነ ነበር? ጥያቄው መልስ የሚሰጠው አይደለም፤ ሊዘነጋ ግን አይገባውም።

ይህን ስንል የጥንቱ ጦርነት ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም። ሰለባውን፣ ዘረፋውን፣ የተቃጠለውን አዝመራ ጎጃም ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ1881 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጦር አውራጃውን ሲያጠፋ ያለቀው ገበሬ ጦር ሜዳ የዋለ አልነበረም። ሆኖም በዚያ ዘመን ገዳይ ተገዳዩን ያይ ነበር። ያየ ሰው ሊጨክን ይችላል፤ ያየ ሰው ሊራራም ይችላል። እጁን የሰጠን መማረክ፣ የቆሰለን ማንሣት፣ «በእግዜር!» ያለውን መተው የሚቻለው ዓይን ዓይንን ሲያይ ነው። የምርኮ ሕግ ከመጽሐፍ በፊት በዓይን ላይ የተጻፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሰማዩ ሲከፈት

በአውሮፓ የጦር መሣሪያን በሕግ ለመግታት ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ የዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ በተደፈረበት በዚያው ዓመት የተፈጸመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በፒተርስቡርግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ክብደታቸው ከ400 ግራም በታች የሆኑ ፈንጂ ጥይቶች በጦርነት እንዳይተኮሱ ተስማሙ፤ የጦርነት ዓላማ የጠላትን ኃይል ማዳከም እንጂ ሥቃይን ያለ ጥቅም ማብዛት አይደለም የሚለው ሐሳብም በዚያ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ከፊኛና ከመሰል ነገሮች ፈንጂ መጣልን ለ5 ዓመት ከለከለ። በዚሁ ጉባኤ ማርተንስ የተባለው የሩሲያ የሕግ ሊቅ ያቀረበው አንቀጽ ተቀባይነት አገኘ፤ ፍሬ ነገሩም ሕግ ያልጠቀሰው አዲስ ነገር ቢመጣም ሰዎች በሰብዓዊነትና በሕዝብ ኅሊና ጥበቃ ሥር ይኖራሉ የሚል ነው።

የ5 ዓመቱ ክልከላ ዘመኑ አልቆ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲታደስ ታላላቆቹ ኃይሎች አብዛኞቹ ፊርማቸውን ነፈጉ። አራት ዓመት እንዳለፈ፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1911፣ ጁሊዮ ጋቮቲ የተባለ የኢጣሊያ መኮንን በሊቢያ ሰማይ ላይ ሲበር አራት ትናንሽ ቦምቦችን በእጁ ወርውሮ ጣለ። በታሪክ ከአውሮፕላን በጦርነት የተጣለ የመጀመሪያው ቦምብ ይህ ነው። የወደቀውም በአፍሪቃ ምድር ላይ ነው። አንባቢ ይህን ስፍራ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ሊቢያ እንመለሳለንና።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣሊያ የመረብን ወንዝ ስትሻገር የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የጎጃምን ጦር ከደብረ ማርቆስ አስከትተው ወደ ሰሜን ገሠገሡ። ገበሬው ጠመንጃውን፣ ስንቁንና አህያውን ይዞ ለሳምንታት በእግሩ ተጓዘ። በመንገድ የከዳ ከዳ፤ የጸናው ተከዜን ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን በደምበጊና መተላለፊያ የጠላትን ቀላል ታንኮች ከብቦ ማረከ፤ ታንክ አይቶ የማያውቅ ገበሬ በላዩ ላይ ወጥቶ ነጂውን እስከ ማስወጣት የደረሰበት ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ጦርነቱ ገና ሰው ከሰው ጋር የሚያደርገው ትግል ነበር።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ግን ሌላ ነገር መጣ። የራስ እምሩ ምስክርነት እንደሚያስረዳው በዚያ ጧት በተከዜ አጠገብ አውሮፕላኖች የጣሉት በርሜል መሰል ነገር እንደ ወትሮው አልፈነዳም፤ መሬት ሲነካ ተሰብሮ ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጨ። ፈሳሹ የነካው ሰው እጅ፣ እግርና ፊት ውኃ ቋጠረ፤ ዓይን ጠፋ፤ ወደ ወንዙ ወርዶ የጠጣው በወንዙ ዳር ቀረ። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ እረኞችና የአካባቢው መንደርተኞችም ከወታደሩ ጋር ተቃጠሉ። ሹማምንቱ ራሱን ከበው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቁ ራስ እምሩ የሚመልሱት እንዳጡ ራሳቸው ተናግረዋል። ታንኩን በእጁ የያዘ ጦር ዝናብን በምን ይያዘው?

ያ ፈሳሽ ኢፔሪት ወይም የሰናፍጭ ጋዝ ይባላል። ፋሽስቶች ይጠቀሙበት የነበረው ትልቁ ቦምብ በውስጡ 212 ኪሎ ግራም ያህል ኢፔሪት የሚይዝ ሲሆን፣ ከምድር 250 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰዓት መቆጣጠሪያ እየተከፈተ እንደ ጠል ይረጨው ነበር። የሽሬ ውጊያ በየካቲት መጨረሻ ከተሸነፈ በኋላም ወደ ኋላ የሚመለሰው የጎጃም ጦር በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ በእሳትና በመርዝ ተመታ። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ከሄደው ሠራዊት ስንቱ ገዳዩን ሳያይ ቀረ!

ሕግ ነበር፤ ዳኛ አልነበረም

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሕግ አልነበረም አይባልም። መርዛማ ጋዝን በጦርነት መጠቀምን የሚከለክለው የጄኔቫ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. ሰኔ 17 ቀን 1925 ተፈርሟል፤ ኢጣሊያም እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃዋለች። በተከዜ ላይ መርዙ ሲወርድ ካጸደቀችው 10 ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር። ፕሮቶኮሉ ክልከላ እንጂ መርማሪ የለውም፤ ቃል እንጂ ቅጣት የለውም።

ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው አውሮፕላኖች በረድፍ በረድፍ እየተከታተሉ በሰው፣ በከብት፣ በወንዝና በግጦሽ ላይ የሚያዘንቡትን የሞት ዝናብ በዝርዝር ገለጹ። ጉባኤው ሰማ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ በኢጣሊያ ላይ የተጣለው የኢኮኖሚ ማዕቀብ ተነሣ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ዶክተር ማርሴል ዡኖ በቆረም ሜዳ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል፤ ድርጅቱ ግን ማስረጃውን ለመንግሥታቱ ማኅበር አሳልፎ አልሰጠም።

ከጦርነቱ በኋላስ? የተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ኢጣሊያውያንን ጉዳይ ከኢትዮጵያ ተቀብሎ መዘገበ። በኢትዮጵያ ላይ ለሠሩት ወንጀል ግን አንዱም ችሎት አልቀረበም። ግራዚያኒ በሀገሩ ተከሶ የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ሲሆን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ተፈቷል። የኢጣሊያ መንግሥት የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን በመከላከያ ሚኒስትሩ በኩል በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

ያም ቢሆን አመነ። ለምን አመነ? ሰነድ ስለነበረ ነው። ሙሶሊኒ ለባዶሊዮና ለግራዚያኒ ጋዝ እንዲጠቀሙ የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ተገኙ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ነው፤ የተቀበለው ሰው ነው፤ አውሮፕላኑን ያበረረው ሰው ነው። ፍርድ ባይገኝም ስም ተገኘ። የዛሬው ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ትእዛዝ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ መኪና የሆነ ዕለት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ የሚገኘው የማን ስም ነው?

ጎጃም ከአውሮፕላን በታች

በአምስቱ የወረራ ዓመታት እነ በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬና ኃይሉ በለው የመሩት የጎጃም አርበኛ ሌሊት መንቀሳቀስን፣ ቀን በጫካና በገደል ማሳለፍን ከአውሮፕላን ተማረ። በሰማይ የሚያጓራ ነገር ሲሰማ ጭስ ማጥፋትና ከብት መበተን የመንደሩ ሁሉ ዕውቀት ሆነ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የጎጃም ሰው አውሮፕላንን የሚያውቀው በጠላትነት ነበር።

የታሪክ ምፀት ግን እዚያ አላበቃም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ርስቴ ሊለካብኝ፣ ኋላም ሊነጠቅብኝ ነው ብሎ ሠጋ። በሞጣና በደብረ ማርቆስ አውራጃዎች ገማች አላስገባም አለ፤ በመጨረሻም መሣሪያ አነሣ። በዚያው ዓመት ክረምት የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል መንደሮችን ደበደበ። በዚህ ጊዜ በአውሮፕላኑ ላይ የነበረው ምልክት የባዕድ አልነበረም። አብራሪው የገበሬውን ቋንቋ ይናገራል፤ ምናልባትም ከዚያው ምድር የተወለደ ነው። ነገሩ የተፈታው በቦምብ አይደለም፤ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ሹማምንት ተለወጡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። ሕዝብ እንቢ ያለበትን ምክንያት የሚሰማ ጆሮ የኋላ ኋላ መገኘቱ ጠቡን አበረደው።

ከ55 ዓመት በኋላ በዚያው ሰማይ ላይ አብራሪ የሌለው አውሮፕላን ታየ። በአማራ ክልል በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ በተቀሰቀሰበት ክረምት፣ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮችን የጠቀሱ የዜና አውታሮች ዘግበዋል፤ ጥቃቱ በድሮን ሳይፈጸም እንዳልቀረም ተነግሯል። ጥቅምት 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ወበር በምትባል ከተማ መናኸሪያ ተሽከርካሪ ሲጠብቁ የነበሩ 13 ሰዎች በድሮን ጥቃት መገደላቸው እንደ ተነገረ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት አስታውቋል። ከዚያ ቀደም በትግራይ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት በደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። መንግሥት ሲቪሎችን ዒላማ እንደማያደርግ ተናግሯል። እነዚህን ዕለታት የጠቀስነው የአንዱን ወገን ክስ ለማጽናት ሳይሆን ሟቹ ከየትኛውም ወገን ቢሆን መልስ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ ስላለ ነው።

ይሁንና በጥንቃቄ መለየት ይገባል። እነዚህ ድሮኖች ራስ ገዝ አይደሉም። በሩቅ የምድር ጣቢያ የተቀመጠ ሰው በካሜራ ያያል፤ ዒላማውን ይመርጣል፤ ተኩሱን ይለቃል። እንግዲህ ገዳዩ አለ ማለት ነው፤ የራቀው ዓይኑ ነው። ከጋቮቲ እጅ እስከ ድሮን ነጂው ጣት ድረስ ርቀቱ ቢረዝምም ክሩ አልተበጠሰም። ራስ ገዝ መሣሪያ ሲመጣ ግን የሚበጠሰው ይኸው ክር ነው።

ክሩ ሲበጠስ

ሰውን ሳይጠይቅ የሚገድል መሣሪያ ከናካቴው አዲስ አይደለም። ፈንጂ አለ። የተቀበረ ፈንጂ የወታደርን ጫማ ከእረኛ እግር አይለይም፤ ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ጦርነቱ ማለቁን አይሰማም። ይህ ጭፍንነቱ ነው ፀረ ሰው ፈንጂን የሚያግደውን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1997 ያስፈረመው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 አጽድቃዋለች። አዲሱ መሣሪያ ግን ተቀምጦ የሚጠብቅ ፈንጂ አይደለም፤ ዓይን ያወጣ፣ ክንፍ ያበቀለ፣ ሰው ፍለጋ የሚዞር ፈንጂ ነው ማለት ይቻላል።

የተባበሩት መንግሥታት የኤክስፐርቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020 በሊቢያ ጦርነት ካርጉ-2 የተባሉ ቱርክ ሠራሽ መሣሪያዎች ከነጂያቸው ጋር ግንኙነት ሳያስፈልጋቸው ዒላማን እንዲያጠቁ ሆነው የተዘጋጁ መሆናቸውን ጽፏል። ሰው ስለ መግደላቸው ሪፖርቱ በግልጽ አልተናገረም። ስፍራውን ግን እናስተውል፤ ሊቢያ ነው። የመጀመሪያው የአውሮፕላን ቦምብ የወደቀበት ምድር ከ109 ዓመት በኋላ የራስ ገዙ መሣሪያም ስም የተነሣበት ምድር ሆነ። አዲስ መሣሪያ የሚፈተነው ጩኸቱ በማይሰማ ሕዝብ ላይ ነው የሚለው አነጋገር ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም።

የዚህ መሣሪያ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር በቅንነት ሊመዘን ይገባዋል። መኪና አይቆጣም ይላሉ፤ ወንድሙ ስለ ሞተ አይበቀልም፤ አይሰክርም፤ አይዘርፍም፤ ሴት አይደፍርም፤ ደክሞት አይሳሳትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። በጦርነት የተፈጸመውን ግፍ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ክርክርም አይደለም። ነገር ግን ቁጣ የሌለው ልብ ርኅራኄም የለውም። መኪና በእምባቦ ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ምልክት የተደረገበትን ንጉሥ ይጨርሰው ነበር፤ ከ14 ዓመት በኋላ ስለሚመጣው ዐድዋ የሚያስብበት ሕሊና የለውምና።

ሁለተኛው ጥያቄ የማወቅ ጥያቄ ነው። የጦርነት ሕግ ሁሉ ሥር ተዋጊውን ከሰላማዊው መለየት ነው። መኪናው የሚለየው በተማረው ምስል ነው፤ ጠመንጃ ያየበትን ተዋጊ ይላል። እስቲ ይህን መኪና ወደ ጎጃም እናምጣው። በዚህ ምድር ጠመንጃ የጦረኛ ምልክት ብቻ አይደለም። ገበሬው ገበያ ሲወጣ፣ ለሠርግ ሲጠራ፣ ለቅሶ ሲደርስ በትከሻው ያነግተዋል፤ ንብረት ነው፣ ማዕረግ ነው፣ ከአባት የተወረሰ አደራ ነው። ለትልቅ ሰው ለቅሶ ጥይት ይተኮሳል፤ በሠርግም እንዲሁ። ጠመንጃ የሌለው ደግሞ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት እጁን ያንጠለጥልበታል። ከ5 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚያይ ዓይን ለቀስተኛውን ከሠራዊት፣ ዱላውን ከምንሽር በምን ይለየዋል? የዋሸራና የዲማ የቅኔ መምህራን ተማሪያቸውን ዓመታት ሙሉ የሚያስተምሩት ሰሙን አልፎ ወርቁን እንዲያይ ነው። መኪናው ያለው ሰሙ ብቻ ነው፤ ወርቁ የሰው አሳብ ነውና አይታየውም።

ሦስተኛውና ዋነኛው በመግቢያችን ያነሣነው የደም ጥያቄ ነው። ራስ ገዝ መሣሪያ በስሕተት ለቀስተኞችን ቢፈጅ ማን ይጠየቃል? አዛዡ እኔ ዒላማውን አልመረጥሁም ይላል። መሐንዲሱ እኔ አልተኮስሁም ይላል። ፋብሪካው እኔ ሸጥሁ እንጂ አልተዋጋሁም ይላል። ገዥው መንግሥት መኪናው ተበላሸ ይላል። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በዚህ መካከል ደሙ ባለቤት ያጣል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ ተረት ወጊው ቢያንስ አንድ ጊዜ ያውቅ እንደ ነበረ ያስባል። የማያውቅ ወጊ ግን የሚረሳው ነገር እንኳ የለውም፤ የተወጋው ብቻውን ከትዝታው ጋር ይቀራል። ሊታረቀው የሚችል ሰው የሌለው ቂም ደግሞ የት ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በቅርብ በተገኘው ላይ ነው።

ሕጉ ወዴት ደረሰ

በዚህ ጉዳይ ላይ መንግሥታት በጄኔቫ መወያየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014፣ በ1980 በጸደቀው የተለመዱ የጦር መሣሪያዎች ስምምነት ጥላ ሥር ነው። በ2019 ባጸደቋቸው 11 መርሆዎች ውስጥ መሣሪያውን ስለ መጠቀም የሚሰጠው ውሳኔ ኃላፊነት ምንጊዜም ከሰው እንደማይወርድ ተቀበሉ። መርሆ ግን ሕግ አይደለም። የጉባኤው አሠራር በሙሉ ስምምነት ስለሆነ አንድ ኃያል መንግሥት ብቻውን ሁሉን ማዘግየት ይችላል።

ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል እ.ኤ.አ. በ2021 የያዘው አቋም ግልጽ ነው፤ ውጤታቸው ሊታወቅ የማይችል መሣሪያዎችና ሰውን ዒላማ የሚያደርጉ ራስ ገዝ መሣሪያዎች ይታገዱ፤ የቀሩት በቦታ፣ በጊዜና በዒላማ ዓይነት ተወስነው በሰው ቁጥጥር ሥር ይዋሉ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊና የቀይ መስቀል ፕሬዚዳንት በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በአንድነት ባሰሙት ጥሪ አስገዳጅ ስምምነት እስከ 2026 እንዲደረስ ጠየቁ። ጠቅላላ ጉባኤው በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በ152 ድምፅ ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ፣ በ2024 ደግሞ በ166 ድጋፍ፣ በ3 ተቃውሞና በ15 ድምፀ ተአቅቦ ጉዳዩ አስቸኳይ መሆኑን የሚገልጹ ውሳኔዎች አሳለፈ። የደጋፊው ቁጥር ብዙ ነው። መሣሪያውን የሚሠሩት ኃያላን ግን ፍጥነታቸውን አልቀነሱም።

የጎጃም ታሪክ በዚህ ክርክር ላይ የሚጨምረው ምክር አለ። ከ1925ቱ ፕሮቶኮል የምንማረው ክልከላ ያለ መርማሪና ያለ ቅጣት በተከዜ ላይ ማንንም እንዳላዳነ ነው። ስለዚህ አዲሱ ሕግ ሲጻፍ መሣሪያውን ከመከልከል ጋር ለእያንዳንዱ ተኩስ በስሙ የሚጠየቅ ሰው እንዲኖር፣ የእያንዳንዱ ውሳኔ መዝገብ እንዲጠበቅና ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው ማስገደድ ይኖርበታል። ቴሌግራሞቹ ከ60 ዓመት በኋላ እንደ መሰከሩት ሁሉ፣ የነገው መዝገብም አንድ ቀን ይመሰክራል።

የጥበብ ሰው ድርሻ

ሚያዝያ 1937 እ.ኤ.አ. የስፔይን ከተማ ጌርኒካ ከአየር ስትደበደብ ፒካሶ በዚያው ዓመት ሥዕሏን ሥሎ ለዓለም አቆመ። ዛሬ የጌርኒካን ስም የማያውቅ የተማረ ሰው ጥቂት ነው። የተከዜ መሻገሪያ ከጌርኒካ ከአንድ ዓመት በላይ የሚቀድም ነው። የሀገራችን ባህላዊ ሠዓሊዎች የማይጨውን ጦርነት ከነአውሮፕላኖቹ ሥለዋል፤ ሆኖም በተከዜ ዳር እንስራዋን ይዛ የወደቀችው ሴትና ከብቶቹን ሊያጠጣ ወርዶ ያልተመለሰው እረኛ በዓለም አዳራሾች አልቆሙም። ጉድለቱ የሥቃይ ማነስ ሳይሆን የሚመሰክር ጥበብ ማነስ ነው።

እንግዲህ የየአካባቢው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ከሽማግሌዎች አፍ የ1960ውን ክረምትና ከዚያ ወዲህ የደረሰውን ይመዝግብ፤ የሟቾችን ስም ያስጻፍ። የባህል ሠራተኛው ሸንጎው ሲሰበሰብ ይህ ጥያቄ እንዲነሣ ያድርግ። ሠዓሊው፣ ገጣሚውና ተዋናዩ ደግሞ ከሩቅ የሚያይ ዓይን ያላየውን ቅርብ ሆነው ያሳዩ። መኪና ሰውን የሚያየው እንደ ምልክት ነው፤ የጥበብ ሥራ ሰውን ወደ ስሙ መመለስ ነውና።

ፎካሪው በሸንጎ ፊት ስሙን ሲጠራ ዘመዶቹ «እሰይ!» ይሉታል፤ የሟች ወገን ደግሞ ስሙን በልቡ ያኖረዋል። ሁለቱም የሚተማመኑበት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ለገደለው መልስ ይሰጣል። ይህ መተማመን በመኪና እንዳይነጠቅ መከላከል ከመሣሪያ ቁጥጥር በላይ ነው፤ የሸንጎውን፣ የሽምግልናውንና የዕርቁን መሠረት መጠበቅ ነው። ደም ባለቤት ሲኖረው አንድ ቀን ይደርቃል። ባለቤት የሌለው ደም ግን ሳይደርቅ ይወረሳል።